በልቅሶ ቤት የበራ ስክሪን

ወንድሜ ፊሮምሳ ጂራታ የተወለደው ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ነው። ያኔ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ነበር። መሬቱ ሲወሰድ እሱ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበር። አባታችን በምትኩ ባገኘው ቦታ ላይ፣ ቃሊቲ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ሠራና ክር ፋብሪካ በጥበቃነት ተቀጠረ። እናታችን ቀደም ብላ አርፋለች። እኔ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ፊሮምሳ ከተመረቀ በኋላ ጥቂት ዓመት ከአንድ ተቋራጭ ጋር ከመሬት ሥር የሚቀበር ፋይበር ሲቀጥል ከረመ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው የላብራቶሪ ሠራተኛ አድርጎ ወሰደው፤ እየሠራም ለሦስተኛ ዲግሪው መማር ጀመረ።

ምን እንደሚማር ሰፈሩ በደንብ አያውቅም ነበር። «የመብራት ነገር ነው» ይባል ነበርና የቆጣሪ ችግር ያለበት ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። እሱም ሄዶ ያይላቸዋል።

እኔ እንኳ የማውቀው እሱ ያስረዳኝን ያህል ነው። ስልክ ስንደውል ወይም ኢንተርኔት ስንከፍት መልእክቱ በፋይበር ውስጥ በብርሃን ይሄዳል። ነገር ግን መንገድ በሚቀይርበት ቦታ ሁሉ ብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይወሰናል፣ ከዚያ እንደገና ብርሃን ይሆናል። ይህ ጊዜም ኃይልም ይበላል። የፊሮምሳ ሥራ ብርሃኑን ራሱ ብርሃን መንገድ እንዲያስቀይረው፣ ተራ እስኪደርሰውም እዚያው በብርሃንነቱ እንዲቆይ ማድረግ ነበር። ለዚህ የሚጠቀምበት ዕቃ ሴሚኮንዳክተር ኦፕቲካል አምፕሊፋየር ይባላል። ዋናው አካሉ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ሆኖ፣ ደካማ ብርሃን ሲገባበት አጉልቶ ያወጣል። አቅሙ ግን የተወሰነ ነው። ጠንካራ ብርሃን ቀድሞ ከገባበት አቅሙን ጠራርጎ ይወስድና ተከትሎ የመጣው ደካማ ሳይጎላ ይቀራል። ሌሎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል አለኝ። እሱ የያዘው ጉድለቱን ነው። ሁለት ማጉያዎችን እርስ በርስ አያይዞ፣ አንደኛው ሲበራ የሌላኛውን አቅም እየወሰደ ዝም እንዲያሰኘው አደረገ። ከውጭ አጭር የብርሃን ምት ሲላክ ዝም ያለው ይነሣል፣ የበራው ዝም ይላል። ሌላ ምት እስኪመጣ ድረስም እንደዚያው ይቆያሉ። የትኛው እንደበራ ማወቅ ማለት የመጨረሻው ምት ወዴት እንደነበረ ማወቅ ነው። ማስታወስ የሚለው ይህን ነው።

ሁለቱ ማጉያዎች አንድ የውጭ አገር ላብራቶሪ ሲዘጋ የተረፉ ነበሩ። አማካሪው ዶክተር ሰይፈሥላሴ በሻንጣ ይዞ ነው ያመጣቸው። ፋብሪካው ያንን ዓይነት መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ሦስተኛ አልነበረም።

የላብራቶሪው ሕንፃ የኤሌክትሪክ መስመር ሊቀየር ሲል ፊሮምሳ ዕቃው የሚገጠምበትን ጠረጴዛ እቤት አምጥቶ እንዲሠራ ተፈቀደለት። እኛ ሰፈር የፋብሪካው መስመር ላይ ስለሆነ መብራት እንደ ሌላው አይጠፋም፤ ይህን ቃሊቲ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ጎረቤታችን መንሱር በአይሱዙው አመጣለት። ባለቤቱ እማማ ሀኒፋ ዕቃው እንዳይጋጭ የራሷን ፍራሽ ሰጠች። እነሱ ከወሎ መጥተው አጥር ከተጋራን ጀምሮ ከአባቴ ጋር እንደ ወንድምና እህት ነበሩ።

ዕቃው በተገጣጠመ ሰሞን አባዬ ከጥበቃ ሲመለስ በርጩማ ስቦ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠ።

«እስቲ ብርሃኑን አሳየኝ» አለ።

«አይታይም አባዬ። ዓይን የማያየው ዓይነት ነው።»

«የማይታይ ብርሃን።» አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ዳሲቱ፣ ይኼ ልጅ ደሞዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው?»

«በዚህ ስክሪን ነው የምናየው» አለው ፊሮምሳ። ስክሪኑ ትንሽ ቴሌቪዥን የሚያህል፣ አረንጓዴ መስመር የሚታይበት ነበር። «መስመሩ ከላይ ሲሆን አንደኛው በርቷል ማለት ነው፤ ከታች ሲሆን ሌላኛው።»

«ስንት ነገር ያስታውሳል?»

«አንድ።»

«አንድ ምን?»

«አንድ ነገር ብቻ። አዎ ወይም አይደለም።»

አባዬ ሽቦውን፣ ሳጥኑን፣ የተጠቀለለውን ቢጫ ፋይበር ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። «ለአንድ አዎ ይኼ ሁሉ? እኔ አዎ ለማለት አንገቴን ነው የምነቀንቀው።»

«የአንተ አንገት ቀርፋፋ ነው። ይኼ አንድ ጊዜ ዓይንህን እስክትጨፍን ስንት ሚሊዮን ጊዜ አዎ ይላል።»

«መብራት ከጠፋስ?»

«ይረሳል።»

«እንደ እኔ በለኛ» አለና ሳቀ።

ፊሮምሳ ምቱን የሚልኩትን ሁለት ቁልፎች አሳየው። አባዬ አንዷን ተጫነ። መስመሩ ወደ ላይ ዘለለና እዚያው ቀረ። ሌላኛዋን ተጫነ፤ ወረደ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። እየተጫነ፣ እያየ፣ «ቆየ! ቆየ!» እያለ ሻዩ ቀዘቀዘ።

«በቃ አባዬ፣ ይደክመዋል።»

«እኔም ይደክመኛል። የሚተወኝ አለ?»

የዲግሪው ማጠቃለያ ፈተና ሰኞ ጠዋት እንዲሆን ተቆረጠ። ፈታኟ ዶክተር ሉላ የምትባል ውጭ አገር የምታስተምር ሴት ናት። ጠረጴዛው ከተነካ ፋይበሮቹ ከቦታቸው ስለሚዛነፉ እቤት መጥታ እንድታየው ተስማሙ። የትምህርት ክፍሉ ፈታኟ ዕቃው ሲሠራ በዓይኗ ማየት አለባት ብሏል፤ የተቀዳ ብቻ አይበቃም። እሷ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ ትበራለች። ፊሮምሳ አልፈራም ነበር። የሚያስታውሰው ዕቃ ቀናት ሙሉ ሳይዛነፍ ቆሞ ነበር። ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ሳይታጠብ መስመሩን ያያል፤ እዚያው አለ። እየዘፈነ ይለብሳል።

አባዬ ሐሙስ ጠዋት ከጥበቃ ተመልሶ ጫማውን አወለቀ። ውኃ ጠየቀኝ። ውኃውን ይዤ ስመለስ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። የተኛ መስሎኝ ብርጭቆውን አጠገቡ አስቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የእኛ አልነበረም። ሐዘን የገባበት ቤት የእድሩ ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረጻድቅ መጡ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ አልጋና ቁምሳጥን እየወጣ ደጅ ተደረደረ። ፊሮምሳ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ «ይችን ጠረጴዛ ብቻ አትንኩብኝ» ሲል ሰማሁት። ዓይኑ አብጦ ነበር።

«ማን ይነካታል ልጄ» አሉት አቶ ገብረጻድቅ። «ሰማችሁ? ጠረጴዛዋን ማንም እንዳይነካ!»

ማንም አልነካትም። ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ዓርብ ቀብረን ስንመለስ በዱከም በኩል ያሉ የአባቴ ዘመዶች መጡ። ሽማግሌዎች ናቸው፤ መንገድ አድክሟቸዋል። ሳሎኑ በሴቶች ሞልቷል፣ ድንኳኑ ውስጥ ነፋስ ይገባል። የሚያርፉበት የቀረው የፊሮምሳ ክፍል ብቻ ነበር። እማማ ሀኒፋ ፍራሽ ልታነጥፍላቸው ገባች። ከዚያ የሆነውን እሷ ራሷ በኋላ ነግራኛለች። ፍራሹን ዘርግታ ቀና ስትል ጠረጴዛው ላይ ስክሪን በርቷል። አረንጓዴ መስመር ይንቀጠቀጣል። ጎኑ ያለው ሳጥንም ቀይ ቁጥር እያበራ ነው። በልቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ልጆቹ በድንጋጤ ረስተውት ነው ብላ አሰበች። የአባቴ ዘመዶች ገብተው ይህን ቢያዩ ምን ይሉናል ብላም አፈረችልን። ጠረጴዛውን አትንኩ መባሉን ስለምታውቅ አልነካችውም። ከግድግዳው ላይ የሁለቱን ሶኬት ነቀለች።

ባለ ቀይ ቁጥሩ ሳጥን የማቀዝቀዣው ነበር። ማጉያዎቹ ሲሠሩ ይሞቃሉ፤ ሙቀታቸውን እየጠበቀ የሚያቀዘቅዛቸው እሱ ነው። ኤሌክትሪክ የሚመግባቸው ሳጥን ሌላ ነው። ማቀዝቀዣው ከጠፋ መጋቢውም አብሮ መጥፋት አለበት። ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ቢሆን ይህ በራሱ ይሆናል፤ ፊሮምሳ ግን ሁለቱን ለየብቻ አግኝቶ በእጁ ነው ያያያዛቸው። መጋቢው ገመዱ አጭር ስለነበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀምጦታል። ብርሃን የሚያወጣ ፊት አልታያትምና እማማ ሀኒፋ ተወችው።

ቅዳሜ ፊሮምሳ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ዋለ። የሟች ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ይፈልጋል፤ ፊቱ ይቆማል፣ ያለቅሳል፣ ይጎነበሳል። ጎኑ የአጎታችን ልጅ እጁን ይዞታል። አንድ ጊዜ ሰው ሲቀል ከመቀመጫው ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አሉ አቶ ገብረጻድቅ።

«ክፍሌን አየት ላድርግ ብዬ ነው።»

«ክፍልህ የትም አይሄድም። ቁጭ በል። የአባትህን ሰው ተቀበል።»

ተቀመጠ። ምን ሊላቸው ይችላል? አባቱ ትናንት አፈር የገባ ሰው አንድ አዎ በቦታው መኖሩን ልይ ብሎ አይነሣም። እኔም በሴቶቹ መሃል ነበርኩ፤ ውኃ ልጠጣ ስነሣ እንኳ ሁለት ሰው ይከተለኛል። ያለንበት ቦታ ሰው ስለ እኛ ሁሉን የሚያደርግበት፣ እኛ ምንም የማናደርግበት ቦታ ነው። ለዚያም ነው ሰው ከሐዘን የሚተርፈው። ያን ጊዜ ግን ወንድሜን አስሮ ያስቀመጠው ይኸው ነበር።

ከሰዓት ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ በጓሮ ዞሮ በመስኮቱ አየ። መጋረጃው በመጠኑ ገለጥ ብሏል። ሽማግሌዎቹ ተጋድመዋል። ከዚያ በኩል ስክሪኑ አይታይም፤ ግድግዳው ላይ ግን የመጋቢው ቀይ መብራት ነጸብራቅ አለ። ሲመለስ በሳሎኑ በር አጠገብ አለፈና ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣

«አለ» አለኝ። «በርቷል።»

ከአባዬ ሞት ወዲህ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ተመልሶ ቦታው ተቀመጠ። ከመስኮቱ ያየው መብራት ማጉያዎቹን ያለ ማቀዝቀዣ እየመገበ ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ ዶክተር ሰይፈሥላሴና ዶክተር ሉላ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጣፍታ ነበር፤ ውጭ አገር የከረመች አትመስልም። ድንኳኑ ውስጥ ከእድሩ ሰዎች ጋር ተቀምጣ የቀረበላትን ንፍሮ ቆረጠመች። ሰዉ ሲቀልና ድንኳኑ ሊነሣ ሲል ፊሮምሳ ከፊት መቀመጫው ተነሥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«የነገውን ተወው» አለችው። «ለሌላ ጊዜ ይሁን።»

«ሌላ ጊዜ መቼ ነው?»

ዶክተር ሰይፈሥላሴን አየችው።

«በሚቀጥለው ዓመት ብትመጪ ነው» አለ እሱ። «እስከዚያ የተመዘገበበት ጊዜ ያልቃል። ትምህርት ክፍሉ ማራዘም አቁሟል።»

«ዕቃው በርቶ ነው ያለው» አላት ፊሮምሳ። «ከረቡዕ ጀምሮ አልተነካም። አሁን ቢያዩት፣ ሁለት ጊዜ ቁልፉን ቢጫኑት ይበቃል።»

ድንኳኑ እየወረደ ነበርና ማንም ቁጭ በል አላለውም።

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን እየፈለጉ ከክፍሉ ወጡ። ፊሮምሳ በፍራሾቹ ላይ ተራመደ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። መጀመሪያ መብራት የጠፋ መስሎት ወደ አምፖሉ ቀና አለ፤ አምፖሉ በርቷል። ከዚያ ወለሉ ላይ ያሉትን ሁለት ሶኬቶች አየ። ቀስ ብሎ እጁን ማጉያዎቹ ያሉበት የብረት ሳጥን ላይ አደረገና ወዲያው ሳበው። ያቃጥል ነበር።

መጋቢውን አጠፋ። ሳጥኑ እስኪበርድ ፍራሹ ላይ ተቀመጥን፤ ዶክተር ሉላም ጫማዋን አውልቃ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም በቅደም ተከተል አበራው። መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን፣ ቁጥሩ ሲረጋ መጋቢውን፣ በመጨረሻ ስክሪኑን። አረንጓዴው መስመር መጣ፣ ታች ነው።

«ይጫኑት» አላት።

ተጫነች። መስመሩ ወደ ላይ ዘለለና ወዲያው ወደቀ።

«እንደገና ልሞክር?»

«ይሞክሩ።»

ተጫነች። ዘለለ፤ ወደቀ። ፊሮምሳ የመጋቢውን ኃይል በጥቂቱ ጨመረ፣ ፋይበሩን በጣቱ ጫፍ አስተካከለ፣ ሙቀቱን ዝቅ አደረገ። ዘለለ፤ ወደቀ። አንደኛው ማጉያ ደህና ነበር። ሌላኛው ሲነሣ ለቅጽበት ይበራል፤ ጓደኛውን ዝም የሚያሰኝበት አቅም ግን አልቀረውም። ምቱ ሲያልፍ ደህናው ተመልሶ ይገዛል። ምንም ቢጽፉበት ያው አንዱን ብቻ ነው የሚመልሰው።

ዶክተር ሰይፈሥላሴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ይጠርግ ጀመር።

«መቀየሩን አይቻለሁ» አለች ዶክተር ሉላ። «ብርሃን ብርሃንን መቀየሩ ይሠራል፤ ንጹህ ነው። መቆየቱን ግን...»

«አልቆየም» አላት።

«የቀዳኸውን አንብቤዋለሁ። እንደሚሠራ አምናለሁ። ግን የሚጠይቁኝ ያየሁትን ነው። ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ ፊሮምሳ።»

«አውቃለሁ ዶክተር።»

ይህን እያሉ እማማ ሀኒፋ የሻይ ትሪ ይዛ ገባች። ስክሪኑ በርቶ ስታይ ቆም አለች፤ ከዚያ ድንኳኑ መነሣቱን አስታውሳ ፊቷ ተፈታ።

«ከፈትከው? ደግ አደረግህ። እኔ ነኝ የነቀልኩት የኔ ልጅ። ዓርብ ዕለት ቲቪው ክፍት ቀርቶ ነበር። ያ ሁሉ ሽማግሌ እያየ፣ ጂራታ ሞቶ ልጆቹ ፊልም ከፍተው ይበሉህ? ቶሎ ብዬ ነቀልኩት። ማንም አላየም፤ ወላሂ ማንም አላየም።»

ዶክተር ሰይፈሥላሴ አፉን ሊከፍት ሲል ፊሮምሳ ክንዱን ያዘው።

«ደግ አደረጉ እማማ» አላት። «እግዜር ይስጥልን። እኛ ረስተነው ነበር።»

«ታዲያ! ሐዘን ያስረሳል» አለችና ሻዩን አደለች። ለዶክተር ሉላ ስኳር ጨመረችላት፤ የከሳች መስላ ታይታት ነበር።

ዶክተር ሉላ ሰኞ ማታ ሄደች። የጻፈችው ቀና ነበር ይላል ፊሮምሳ። ብርሃን መንገድ መቀየሩን አይቻለሁ፣ ማስታወሱን አላየሁም፣ ዕቃው የተጎዳው ከተማሪው አቅም ውጭ በሆነ ምክንያት ነው የሚል ነው። የትምህርት ክፍሉ ተሰብስቦ ማስታወሱ እስኪታይ ዲግሪው ይቆይ አለ። ዶክተር ሰይፈሥላሴ ያን ዓይነት ማጉያ ይገኝ እንደሆነ ለሚያውቃቸው ሁሉ ጻፈ። አንዱ የለንም አለ፤ አንዱ ጡረታ ወጥቻለሁ አለ፤ ሌሎቹ አልመለሱም። የጊዜ ማራዘሚያ ተጠየቀ። መልሱ አልመጣም፣ አይመጣምም አልተባለም።

ወንድሜ አሁንም በየጠዋቱ ሥራ ይገባል። የሌሎች ተማሪዎችን ዕቃ ይገጥማል። በተረፈው አንድ ማጉያ ሌላ ነገር መሥራት ይቻል እንደሆነ ይሞክራል። አንዳንዴ ስለ አባዬ እናወራለን፤ ስለ ጠረጴዛው አናወራም። እኔ አንድ ጊዜ ለእማማ ሀኒፋ እንንገራት ወይ ብዬው ነበር።

«ምን ብለን?» አለኝ። «ለአባዬ ክብር ብላ ያደረገችውን? ተይው።»

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ በአጥሩ በኩል ጠራችን። ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ሰፌድ ይዛለች።

«ፊሮምሳ፣ ምርቃትህ መቼ ነው? ዳቦውን እኔ ነኝ የምደፋው፤ ለመንሱርም ነግሬዋለሁ። ዱቄቱን ካሁኑ ላስነፋ ብዬ ነው።»

ፊሮምሳ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ።

«ቀኑ ገና አልተቆረጠም እማማ።»

«ምን አስቆያቸው? ጨርሻለሁ አላልክም?»

«ዕቃ እየጠበቅን ነው።»

«አይ የመንግሥት ነገር!» አለች። «እንግዲህ አላህ ያምጣላችሁ። እኔ ግን ዱቄቱን አስነፋለሁ፤ በድንገት ቢሉህስ?»

«ያስነፉ» አላት።

ሰፌዱን ይዛ ገባች። ወዲያው የወንፊት ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ይሰማን ጀመር። ፊሮምሳ ጥቂት ቆሞ አዳመጠና ወደ ቤት ገባ።